«ከኋላ ያሉትስ?»

ወይዘሮ ሸሪፋ፣ ይቅር ይበሉኝና የጡረታ መሸኛዎን ንግግር ከመጡበት ቀን ልጀምር ነው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ደሴ ቢሯችን ሊገቡ ሲሉ፣ አለቃችን እኛን የውሃ መሐንዲሶቹን ሰብስበው፣ «የሥርዓተ ፆታ ባለሙያ ተመድባልናለች። ለጋሾቹ ስለጠየቁ ነው፤ ሥራችሁን አትነካም» አሉን። ሰውየው እንደዚያን ቀን ተሳስተው አያውቁም!

ጠረጴዛ ስላልነበረን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከቧንቧዎቹ ጋር አስቀመጥንዎት። በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርታችን ላይም «የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ በውሃ ሥራው ውስጥ ተካቷል» ብለን ጻፍን።

ኮምቦልቻ ላይ ያዘጋጀነው «የሴቶች ተሳትፎ ሥልጠና»ስ? ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «አባወራዎች እንዲገኙ» ብዬ። ሠላሳ ወንድ መጣ። «ምን ይሻለናል?» ስልዎት፣ «ምሳቸውን ይብሉ፤ አንተ ግን ሪፖርቱ ላይ እውነቱን ጻፍ» አሉኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ እንደሱ ያለ ሐቀኛ ሪፖርት አልጻፍኩም።

ስብሰባ ላይ የሚሉትን ደግሞ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው፣ ወንዶቹ ተናግረው፣ ተመራርቀው ሊነሡ ሲሉ እጅዎን ያወጣሉ። «ከኋላ ያሉትስ?» አያችሁ፣ ሁላችሁም አብራችሁኝ አላችሁት!

ገራዶ ላይ ግን የምስቅበት ነገር አልነበረም። የመንደሩ የውሃ ቦኖ መንገድ ዳር እንዲሠራ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማምቼ ጨርሻለሁ። እርስዎ ያቺን ጥያቄዎን ሲጠይቁ እማማ ቡዜ ከኋላ ተነሡና፣ «ልጄ፣ እዚያ በክረምት ጎርፍ ይወርዳል። ውሃ ቀጂዎቹ እኛ ነን፣ እናውቀዋለን» አሉ። እኔ የተማርኩት፣ «ጥናቱ አልቋል» አልኳቸው። ነሐሴ ላይ ጎርፉ ቦኖዬን ይዞት ሄደ።

አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣዎትም። እርስዎ እማማ ቡዜ ቤት ወሰዱኝና፣ «መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቅ፤ ከዚያ ቦታውን ያሳዩህ» አሉኝ። እሳቸው ባሳዩን ቦታ የሠራነው ቦኖ ዛሬም ውሃ ይሰጣል። እኔንም እርስዎ ሰው ያደረጉኝ ያን ቀን ነው። ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

አሁን ብርጭቆ አንሡ ልል ስል የዛሬውን ፕሮግራም አየሁት። ተናጋሪ አምስት፤ አምስታችንም ወንዶች። «ወይዘሮ ሸሪፋ ስጦታ ይቀበላሉ» ይላል እንጂ ይናገራሉ አይልም። ፕሮግራሙን ያወጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ለፍተውብኝ ይኸው!

በሉ፣ ለስላሳችሁን አንሡ። ለወይዘሮ ሸሪፋ! አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት፤ የጡረታ ዘመንዎ ያለ ስብሰባ ይሁን። ከእኔ በኋላ የምትናገሩ ወንድሞቼ፣ ወረቀታችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ማይኩ ይኸው። ዛሬ ከፊት አስቀምጠንዎት ሳንጠይቅዎት ልንበተን ነበር። ወይዘሮ ሸሪፋ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?