የተዋስናት አያት

— ሄሎ? … ሄሎ… ማን ልበል? … ጮክ በል፣ አይሰማም። … ጌርቫስ? አንተ ነህ? ወንድምዓለም፣ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ስልክ ሥር ንቅንቅ አላልኩም።

በዚያ የግንብና የቀስት ዘመን ስልክ የት ነበረ የሚል ይበል። በእመቤት ሃዊስ ግንብ ውስጥ ግን ነበር፤ ሽቦው ቄሱ ጌርቫስ ክርክራቸውን ከሚከታተልበት ከዮርክ ከተማ የቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ተነሥቶ፣ የበጎቹን ሜዳ አቋርጦ፣ ቀስት በሚወረወርባት ጠባብ መስኮት ይገባል። ሴት ልጃቸው አማቤል ከእሳቱ አጠገብ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ አማቷ ዋሪን፣ የባሏ የፉልክ አባት፣ ከነልጇ ጠቅልሎ ወደ እናቷ ቤት ሰዷታል። ወንድሟ ተርስታን ጭልፊቷን ክንዱ ላይ አስቀምጦ ሥጋ ያጎርሳታል።

— ዳኛው ምን አለ? … ገና ነው? ምሳ ሊበላ ወጣ? … ይብላ፣ ቀስ ብሎ ይብላ። … አትሳልብኝ፣ ንገረኝ። ዋሪን ምን ብሎ ነው ጋብቻው ይፍረስልኝ ያለው? ምክንያቱን እስከ ዛሬ ደብቆናል። … ዝምድና? የምን ዝምድና? አማቤልና ፉልክ ዘመድ ናቸው? … በስንት ቤት? … በአራት ቤት። … ቆይ እንጂ፣ ከሠርጉ በፊት ተቀምጠን ቆጥረን የለም እንዴ? አንተ ራስህ በጣትህ ስትቆጥር አልነበር? … አዎ፣ የፉልክን አባት ወገን። … የእናቱንማ አልቆጠርንም። የእናቱን ማን ይቆጥራል?

እመቤት ሃዊስ እጀታውን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉና ወደ እሳቱ ዞር አሉ።

— ዘመድ ናችሁ ይላሉ፣ አንቺና ባልሽ። … ሄሎ፣ አለሁ አለሁ። ማናት የምታገናኛቸው? … ማን? … እመቤት ኢዶኒያ።

በዚያ ቤት ኢዶኒያን የማያውቅ አልነበረም። የዘሯ ምልክት የሆኑት ሦስቱ ሽመላዎች ከማዕዱ በላይ በግድግዳው ላይ ተሥለዋል፤ እንግዳ ኮፍያውን ሳያወልቅ በፊት «የጌታችን የሮበርት አባት የሳይመን አያት ናት» ተብሎ ይነገረዋል። በሷ ስም ነበር በየግብሩ ከፍ ያለ ወንበር የሚሰጣቸው።

— እና የፉልክ እናትም ከኢዶኒያ ትወለዳለች? … ዋሪን የገዛ ሚስቱን ዘር መቼ ነው ያወቀው? … እህ፣ ሴት ልጅ ከተወለደች በኋላ። ወንድ ብትሆን ኖሮ ዝምድናው አይታየውም ነበር። … ጎረቤቱን መበለቲቱን ለፉልክ ሊያጋባ ፈልጎ ነው፣ አትንገረኝ። ፉልክን የምታክል ልጅ አላት እኮ። ግን መሬቷ ከዋሪን መሬት ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ ለእሱ ቁንጅና ማለት መሬት ነው። … ፉልክስ? ፉልክ ምን አለ? … ዝም አለ። ሠርጉም ላይ ዝም ብሎ ነበር፣ ዓይን አፋር ነው ብዬ ወደድኩት።

— ጌርቫስ፣ ፈረሰ እንበል። ሕፃኗስ? … ሕፃኗስ ምን ልትባል ነው? … በለው፣ አትፍራኝ። … ዲቃላ።

አማቤል የልጇን ጆሮ በሁለት እጇ ከደነች። ሕፃኗ ጨዋታ መስሏት ሳቀች።

— ርስትም የለ፣ ስምም የለ፣ የሚያገባትም የለ። … ዘመድ ቢሆኑም ይጋቡ የሚል ፈቃድ ከሮም ይምጣ? ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ የሄደ መልእክተኛ በስንት ወሩ ሊመለስ? ዳኛው እኮ ምሳውን እያላመጠ ነው። … ሌላ ምንም የለም? … ዝምድናው ሐሰት ከሆነ ብቻ። …

— … የለም፣ አልተቋረጠም። እያሰብኩ ነው።

— ጌርቫስ፣ አጠገብህ ሰው አለ? … በሩን ዝጋው። … ኢዶኒያ የእኛ አይደለችም። … በደንብ ሰምተኸኛል። ተውሰናት ነው። ሽማግሌው ሳይመን ከጦርነት ባለ ግንብ ሆኖ ሲመለስ አያቱ አነሰችው። ኢዶኒያ ደግሞ ባሕር ማዶ ሄዶ የቀረ ልጅ ነበራት፤ «እሱ አባቴ ነው» አለ፣ በቃ። የጠፋ ሰው ምን ብሎ ይከራከረዋል? ሁለት ሽማግሌዎች ጠላውን ጠጡና ማሉለት። … እውነተኛዋማ ወንዝ ዳር በሽንት ገንዳ ውስጥ ቆማ የሱፍ ጨርቅ እንዲነጻና እንዲወፍር በእግሯ ስትረግጥ የኖረች ሴት ናት። … ራሱ ሳይመን ነዋ የነገረኝ፣ ሊሞት ሲል። ያስታመምኩት እኔ ነኝ። «የአያቴ እግር ሸተተኝ፣ መስኮቱን ክፈቱ» ሲል ነው ያደረው። … ተቀመጥ። … አንተን አይደለም፣ ተርስታንን ነው። ተቀመጥ ልጄ፣ ጭልፊቷን አስደነበርካት።

— ከድሃ መወለድ ጋብቻ አያፈርስም? … ዝምድና ብቻ? … ሕጉ ከዋሪን ይሻላል እንግዲያው። … እኔ እምላለሁ፤ ፈረስ አስጭኜ አሁኑኑ እመጣለሁ። … ለምን? … ባዕድ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአልጋቸው ወልጄ፣ ሬሳቸውን አጥቤ፣ ባዕድ ነሽ? … ከሳይመን ደም የሆነ ወንድ። … አለ። አንድ አለ። እዚሁ ቆሟል። … ቆይ፣ እንዳትዘጋው።

— ተርስታን። … ሰምተሃል፣ አትጠይቀኝ። ዮርክ ድረስ ትጋልብና የቅዱሱን ዐፅም በእጅህ ይዘህ፣ የአያቴ አያት ሱፍ ረጋጭ ነበረች ብለህ ትምላለህ። … የታጨችልህ የሰር ኦዶ ልጅማ ትቀራለች። ሰር ኦዶ ልጁን የሚድረው ለኢዶኒያ ነው እንጂ ላንተ መሰለህ? … ሱፍ ረጋጭ ይሉሃል፣ አዎ። ወንበር ስትስብ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ልጆቻቸው እንኳ ይዘፍኑብሃል። አልዋሽህም። … አባትህን አትጥራብኝ፣ አባትህ መቃብሩ ውስጥ ደልቶታል። … ምን ልበልህ? እኔን እየኝ አልልህም። እህትህን እያት።

ተርስታን ግን እህቱን አላየም፤ ሕፃኗ ከጭልፊቷ እግር ላይ የተንጠለጠለችውን ቃጭል ለመንካት እየተንጠራራች ነበር፣ እሷን ነው ያየው። ከዚያ ወፏን መቆሚያዋ ላይ አሠረና ካባውን ይፈልግ ጀመር።

— ጌርቫስ… ሊሄድ ነው። ጫማውን እያጠለቀ ነው። … አላለቀስኩም። ጻፍ፣ ምስክር ተርስታን፣ የሮበርት ልጅ፣ የሳይመን የልጅ ልጅ። … የማን ስም? … የሱፍ ረጋጯ? … የግድ ነው? … ስም ከሌላት ኢዶኒያን ከቦታዋ አታስነሣም። …

ሽማግሌው ሳይመን ያን ሌሊት ስለ እግሯ ተናግሯል፣ ስለ ሽታው ተናግሯል፣ ስለ ወንዙም ተናግሯል። ስሟን አንዴም አልጠራም።

— አላውቀውም። … አልነገረኝም ስልህ። … ተርስታን፣ አባትህ ነግሮህ ያውቃል? … እሱም አያውቅም። … ማንን ልጠይቅ? የማሉት ሽማግሌዎች አፈር ሆነዋል፣ መቃብሯ ላይ ድንጋይ ያኖረ የለ። … የሰውን አያት ከነልጅ ልጆቿ በቃሌ እዘረዝራለሁ፣ የልጆቼን አያት ግን… … ምን? ደረጃው ላይ ነው? … ዳኛው ነው? … ቆይ፣ በእመቤታችን፣ አንድ ነገር ጠይቀው፣ አዘግየው። …

— ጻፍ። ሃዊስ። … አዎ፣ እንደ እኔው። … እንዳልሆነ አውቃለሁ አባ፣ አትስበክልኝ። ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ ንስሐውንም እኔ እጾመዋለሁ፤ ልጁ ከእናቱ የሰማውን ነው የሚምለው። … ሌላ ስም ባወጣላት ዳግመኛ ተዋስኩ ማለት ነው። ይሄ ግን የራሴ ነው፣ ልሰጣት እችላለሁ። … ሃዊስ ሱፍ ረጋጯ። … መልሰህ አንብበው። … እንደሱ።

— ልጄ፣ ስሟን ያዝክ? … ድገመው። … እንደሱ አይደለም፤ እኔን እንደምትጠራ አድርገህ አትበለው። አያትህን ጥራ። … እንደገና። … እሺ። ሂድ፣ ዞረህ አትየኝ።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ምን አለህ? … እስከ ማታው ጸሎት ይጠብቃል? … ካልደረሰስ? … ይፈርሳል፣ ገባኝ። … የለም፣ ሌላ የምልህ የለኝም። ስልኩን ዝጋው። … አንተ ዝጋው ወንድምዓለም፣ እኔን እጄ እምቢ አለኝ።