አሥራ ሁለቱ አሳማዎች

መቼ እንደነበር እንጃ፣ ብቻ ዝናብ የጣለበት ቀን ነው። ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ በሚኒባስ ስንሄድ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ሬዲዮ የሚያህል መሣሪያ ጭኗ ላይ ይዛለች። አጠገቧ አንድ ገበሬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሐጂ ከድር የሚባሉ የሰፈሬ ሰው ከኋላ ሆነው ጠየቋት።

«ልጄ፣ ይሄ ሬዲዮ ለምን አያወራም?»

«የአሳማ ቫይረስ መመርመሪያ ነው፣ አባባ። መኪናችን ስለተበላሸ መንገድ ላይ ጀመርኩት።»

«አስተግፊሩላህ! አሳማ ጭነሻል?»

«ከአፍንጫቸው በጥጥ የወሰድኩት ፈሳሽ ብቻ ነው።»

«አፍንጫቸው ከመጣ ምን ቀረ? ረዳት፣ አውርደኝ!»

ገበሬው ዞረ። «ሐጂ፣ አሳማዎቹ የኔ ናቸው፤ አንዷ ሞታብኛለች። ቫይረሱ ከተገኘ የቀሩት አሥራ ሁለቱ ዛሬውኑ ይገደላሉ። ሌላ ሀብት የለኝም።»

ሐጂ ወደ መሣሪያው አንገታቸውን አሰገጉ። «ስንት ደቂቃ ቀረው?» አሉ ሐኪሟን።

«ሃያ። እንዳይናወጥ ብቻ።»

«ሾፌር፣ ቀስ በል እንጂ! ጉድጓዱ አይታይህም?»

ደረስን። «ወልቂጤ፣ መጨረሻ!» አለ ረዳቱ። ማንም አልተነሳም።

«ኧረ ውረዱ!»

«በሩን ዝጋ አንተ፣ ትነቀንቀዋለህ!» አሉ ሐጂ።

ብዙ ጠበቅን። መሣሪያው ጮኸ።

«ቫይረስ የለም!» አለች ሐኪሟ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሐጂ ራሳቸው ደነገጡ። «ለሰውየው ነው ያልኩት፤ ለነሱ አይደለም።»

«ለነሱም ቢሆን ማን ይከስዎታል?» አለች አንዲት ሴት።

እኔም በልቤ ለአሥራ ሁለቱም «እንኳን ተረፋችሁ» ብዬ፣ መሬቱ ጭቃ ስለነበር የሐጂ ከድርን ክንድ ተደግፌ ወረድኩ።