ለሾፌር የማይሰጥ መድኃኒት

ከጊምቢቹ ሆሳዕና ሚኒባስ እነዳለሁ። ጎረቤቴ እማማ አበበች ካንሰር ስላለባቸው፣ የሕመም ማስታገሻቸውን ከሆሳዕና ፋርማሲ እየወሰድኩ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። በቀደም ግን ፋርማሲስቱ፣ «መመሪያው ተቀይሯል፤ ሞርፊን ለሾፌር አይሰጥም። ታማሚዋ ራሳቸው አንዴ ይምጡና የሚወስድላቸውን ሰው ይወክሉ» አለኝ። ከአልጋ መውረድ ያቃተውን ሰው ና ሊሉት ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

በማግስቱ እማማን ደግፌ ሚኒባሱ ላይ አወጣኋቸው፤ ተሳፋሪው ጋቢናውን ለቀቀላቸው፤ እኔም ጉድጓድ ጉድጓዱን እየሸሸሁ አደረስኳቸው። ፋርማሲስቱ መኪናው ድረስ ወጣ።

«ማንን ይወክላሉ፣ እማማ?»

«ይሄን ልጄን» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ።

«እናቱን እኮ አውቃቸዋለሁ።»

እማማ ቀና ብለው አዩት። «አንድ እናት ትበቃዋለች ያለህ ማነው?»

ፋርማሲስቱ ሳቀና ብልቃጡን በመስኮት አቀበለኝ፤ «በል ልጃቸው፣ ፈርም።»