ሊጥ የነካው ስልክ

በእኛ ጊዜ የሞተ ሰው ዝም ይል ነበር። ከተቀበረ ተቀበረ ነው፤ ዱዓ ይደረግለታል፣ ሰደቃ ይወጣለታል፣ እሱም ያርፋል እኛም እናርፋለን። አሁን ግን ልጆች፣ ስልክ መጣ እና… አትሳቁ! ሐናን፣ አንቺ ደግሞ እንዳልኩት ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ሰሚራ ልጄን ታውቋታላችሁ፣ ካናዳ ያለችውን። እዚሁ ቡታጅራ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ጋሽ ሽኩር ዳቦ ቤት ነበር የምትሠራው። ሥራውን ያስተማራት ግን እሱ አይደለም፣ ሚስቱ ራሕመት ናት፣ አላህ ይዘንላት። ራሕመት አልወለደችም፣ እና ሰሚራን እንደ ልጇ ያዘቻት። ሊጡ ላይ ጥቁር አዝሙድ ጣል ታደርጋለች፣ ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። ታዲያ አንድ አመል ነበራት፤ ስልክ ሲጠራ እጇን ሳትታጠብ ሮጣ ታነሳለች። ጋሽ ሽኩር ከወዲያ፣ "አንቺ ሴት! ስልኩን ሊጥ አታስነኪ አላልኩሽም?" ብሎ ይጮሃል። ሁልጊዜ! እሷ በሻርፗ ጫፍ ጠረግ ታደርገዋለች፣ በቃ።

ታዲያ ራሕመት ታመመች እና ሞተች። ለቅሶው ሰሞን ጋሽ ሽኩር ስልኩ ሲጠራ መስማት አልቻለም፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው። ይሄን ያዙልኝ። ነቀለው።

ከዚያ ወዲህ ክፉ ሆነ። ሰሚራም የካናዳው ዕድል መጣላት፣ ዳቦ ጋጋሪ የሚፈልጉ ሰዎች ተገኙ፣ የሠራችበትን ቤት ደውለው ይጠይቃሉ ተባለ፣ እና "ጋሽ ሽኩር፣ ልሰናበት ነው" ብላ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ሂጂ" አላት። "ደውለው ይጠይቁኝ የለም? ይጠይቁኝ! እንዲህ የምትባል ልጅ አላውቅም ነው የምላቸው። የት እንደምትደርሺ አያለሁ!"

ልጄ እያለቀሰች መጣች። ሽማግሌ ላክን፣ አልሰማም አለ። ጉዳዩን የያዙት ሰዎች ጋ ያለው ቁጥር ደግሞ ታፔላው ላይ የተጻፈው፣ የዳቦ ቤቱ ነው። "ቢያነሳ ይክደኛል፣ ባያነሳ ቀረሁ፣ ስልኩ እንኳ ተነቅሏል እማ" ትለኛለች። እኔም "በሩን የሚከፍት አላህ ነው" አልኳት። 

አንድ ቀን ጋሽ ሽኩር እንሴኖ ለቅሶ ሄዶ ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል። እኔ ራሴ በዚያ ሳልፍ በሩ በጓጉንቸር ተቆልፎ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ለሰሚራ ተደወለላት። ስትሰማ አያታለሁ፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ምን አሉሽ? ከለከሉሽ?"

"የለም እማ። ዳቦ ቤቱ ደውለን አረጋግጠናል አሉኝ።"

"ጋሽ ሽኩር እሺ አለ?"

"ሴት ናት ያነሳችው አሉ። 'ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እጇ ንጹሕ ነው' አለችን አሉ። እና ደግሞ…"

"እና ምን? ተናገሪ እንጂ!"

"'ለመሆኑ ክንዷ ላይ ያለው ቃጠሎ ዳነላት ወይ?' ብላ ጠየቀችን አሉኝ።"

"የምን ቃጠሎ?" አልኳት። እጅጌዋን ሰበሰበች እና አሳየችኝ። ምድጃው ነው ያቃጠላት። ያየችው ራሕመት ብቻ ናት፣ ማር የቀባቻትም እሷ፣ "እናትሽ እንዳትደነግጥ እጅጌሽን አውርጂ" ያለቻትም እሷ። እኔ እናቷ እንኳ ገና ያን ዕለት አየሁት!

አዑዙ ቢላህ አልኩ። ሙት አይመለስም፣ ሃይማኖታችን እንዲህ አያስተምረንም። ጂን ነው እንዳልል፣ ጂን ለሰው ልጅ ቃጠሎ ምን አስጨነቀው? 

በነጋታው በጠራራ ፀሐይ በር ተንኳኳ። ጋሽ ሽኩር ነው።

"ቁልፍ አስቀርጻችሁ ገብታችኋል!"

"ጋሽ ሽኩር፣ መጀመሪያ አሰላሙ አለይኩም።"

"ወዐለይኩም ሰላም። ቁልፍ አስቀርጻችኋል!"

"ምን ጠፋብህ?"

"ምንም አልጠፋብኝም።"

"ታዲያ ምን ሆንክ?"

ከኪሱ መሐረብ አወጣና ፈታው። ሊጥ ነው። ትንሽ፣ ጣት ያረፈበት። "ከስልኩ እጀታ ላይ ነው ያነሳሁት" አለኝ፣ ድምፁ ወረደ። "ስገባ እርጥብ ነበር። ገመዱ እንደተነቀለ ነው።"

ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ጥቁር አዝሙድ። እሷ ከሞተች ወዲህ ጥቁር አዝሙድ እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ የከለከለው እሱ ራሱ ነው።

እና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ደጄ ላይ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ታዲያ ድንገት ቀና ብሎ፣ "እኔው ደውዬ፣ ያናገረቻችሁ የሞተች ሴት ናት ብላቸውስ?" አለኝ። እዩት እንግዲህ፣ እውነቱን ነው! ልጄ ግን በዚያች ቃል መቅረቷ ነው።  ደግሞ ቀስ ብሎ፣

"ስለ እኔስ ምን አለች?"

'ይቅር ብዬዋለሁ በሉልኝ ብላለች' ብዬ ብነግረው ነገሩ ያልቅ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቷል። ግን በሙት አፍ መዋሸት… አላህን ፈራሁ።

"ስለ አንተ ምንም አላለችም" አልኩት።

ሊጡን አየው፣ አየው። መሐረቡን ቀስ አድርጎ አጠፈው። "እንደ ኖረችው ናት" አለ። "ያን ሁሉ ስጮህባት፣ ለሰው አንድ ቀን ስለ እኔ ተናግራ አታውቅም።" ተነስቶ ሄደ። እና አልደወለም።

ሰሚራ የሄደች ዕለት መናኸሪያው መጣ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዞ። ጥቁር አዝሙዱ ከሩቅ ይሸታል።

"ጋሽ ሽኩር፣ እርስዎ ጋገሩት?" አለችው።

ዳቦውን ትክ ብሎ አየው። "ብዪ ልጄ" አላት። "ቤቱን ስከፍት ትኩስ ነበር።"

እሷ በላችው። እኔ… እኔ አልቀመስኩትም።

ስልኩን አሁን መልሶ ሰክቶታል፣ አጠገቡ ይቀመጣል። እጀታውን ማንም እንዲጠርገው አይፈቅድም። ሳልፍ "እንዴት ዋልክ" ስለው ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል፣ "እሽሽ!"

ምን አልሽ ሐናን? ማን ነው ያነሳው? አላሁ አዕለም፣ የሚያውቀው አላህ ነው። እኔ የማውቀው፣ ለሰው መልካም የሠራ እጅ ቶሎ አይደርቅም።

— እርስዎስ እማማ፣ ከዚያ ቤት ቢደወልልዎ ያነሳሉ?

— አነሳለሁ እንጂ! ቢስሚላህ ብዬ… እጄን ታጥቤ! ሳቁ፣ ሳቁ!