ቤቱ ክፍት የነበረበት እሁድ

በእኛ ጊዜ ሰው ቤቱን የሚሸጠው በሹክሹክታ ነበር። ደላላው ሹክ ይላል፣ ገዢው ሹክ ይላል፣ ጎረቤት የሚሰማው እቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ ነው። ታዲያ እኔ ኦክላንድ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ ያን ጠባይ አልጣልኩትም። ስሚኝ ሰኒ፣ አንቺም አሁን የዩኒየን ሲቲውን ቤት ልትሸጪ ነው፣ ሰው ሁሉ ገብቶ ይየው ወይስ አይየው ብለሽ እንቅልፍ አጥተሻል፣ የልጄን አልጋ ማን ይነካካዋል ትያለሽ። እውነትሽን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሕፃኗን ደህና አድርገሽ እቀፊያትና ስሚኝ።

ባለቤቴን ጋሽ ተፈራን ስትሮክ ከመታው በኋላ ግራ እግሩ እምቢ አለው። መኝታችን ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን እንዴት ነበር የሚወርደው? ቁጭ ብሎ፣ በመቀመጫው፣ አንድ አንድ እያለ፣ ያ ግርማ ሞገስ ያለው ሰውዬ እንደ ሕፃን። እኔ ከታች ቆሜ እጄን ዘርግቼ እጠብቀዋለሁ፣ ቢወድቅ ልይዘው ነው እንግዲህ፣ በዚህ አቅሜ። አብረን እንወድቅ ነበር እንጂ ምን እይዘዋለሁ። እና ልጃችን ማህሌት እዚህ ሳን ሆዜ፣ እሷ ሰፈር፣ ደረጃ የሌለው ቤት አገኘችልን። ይሄ ያለንበት ነው። ግን የኦክላንዱ ካልተሸጠ ይሄ አይገዛም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ያ ካልተሸጠ ጋሽ ተፈራ ከደረጃው አይገላገልም።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ቤት የሚያሻሽጥ አበሻ ኤጀንት ሞልቶ ፈረንጅ ያዝኩ። ወሬ እንዳይወጣ ነዋ። ሰው ቢሰማ «ዘነቡን ባንክ ቤቷን ሊቀማት ነው» ሊል ነው፣ «ልጇ ልታስወጣቸው ነው» ሊል ነው። ለእድሩም አልተናገርኩም። ስልክ ሲጮህ እንኳ ምን ላወራ ነው ብዬ ማንሳት ተውኩ። ኤጀንቷ ካረን ትባላለች፣ ደህና ሴት ናት፣ ስታወራ እጇ አያርፍም። በቀጠሮ ሰው አመጣች፣ አዩና ሄዱ፣ ደግሞ አመጣች፣ አዩና ሄዱ። በኋላ «እሁድ ኦፕን ሀውስ እናድርግ» አለች። ማህሌት ተረጎመችልን።

«እማ፣ በሩ ይከፈታል፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ያያል።»

«የፈለገ ሰው ማለት?»

«ኤኒባዲ። በመንገድ የሚያልፍም ቢሆን።»

«እኛስ የት እንቀመጣለን?»

«እናንተማ ትወጣላችሁ። ካረን ናት የምትቀበላቸው።»

ጋሽ ተፈራ ይሄን ሲሰማ ከወንበሩ ቀና አለ። «እንግዳ ቤቴ ሲገባ እኔ ልውጣ? ምን ሰርቄ ነው የምሸሸው?»

«አባ፣ ኖርማል ነው እኮ።»

«ለነሱ ነው ኖርማል። እንግዳን በር ላይ ቆሞ ግቡ የሚል ባለቤት ነው።»

እኔ ደግሞ ሌላ ነው የማስበው። ቁም ሳጥኔን ከፍተው ሊያዩ ነው፣ አበሻም አብሮ ገብቶ ወሬ ይዞ ሊወጣ ነው። እሱ እምቢ፣ እኔ እምቢ፣ ካረን ትደውላለች፣ እኛ እናስብበት እንላለን፣ ቀኑ ይሄዳል።

እና አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ደረጃውን እየወረደ መሀል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ደከመው ብዬ ነበር። ለካ እጄን እያየ ነው። አንዱን ዘርግቼለት በሌላው እኔው ራሴ እንዳልወድቅ የደረጃውን መደገፊያ ይዣለሁ።

«ዘነቡ» አለኝ።

«አቤት።»

«ይግቡ በቃ። ማንም ይሁን ማን ይግባ።»

ቅዳሜ ካረን ሰዎች ላከች። ቤት ባዶ ሲሆን ሰፊ ይመስላል አለች እና ሶፋው ወጣ፣ አልጋው ወጣ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ ሁሉም ጭነት መኪና ላይ። ታዲያ አስካለ፣ የእድራችን አስካለ፣ እኛው መንገድ ላይ ናት፣ በእግሯ ስታልፍ ይሄን አየች። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ሶፋና አልጋ ከቤት የሚወጣው እኛ ዘንድ መቼ ነው? ጋሽ ተፈራ እንደሆነ ከታመመ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልታየም። ደወለች፣ እኔ አላነሳሁም። ደግማ ደወለች፣ አላነሳሁም። በቃ፣ ደመደመች። ለእድሩ ሁሉ ኮል አደረገች።

እሁድ ነው እንግዲህ። እኛ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግረን፣ የማህሌት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለናል። ጋሽ ተፈራ ርቆ መሄዱን እምቢ ስላለ ነው። አንድ ወንድና ሴት ሜትር ይዘው ገቡ፣ መስኮቱን ይለካሉ፣ እናያቸዋለን። ደስ አለኝ። ወዲያው አንድ መኪና ቆመ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። የእድራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። ወንዶቹ ታጣፊ ወንበር ይዘዋል፣ የውሃ ካርቶን ተሸክመዋል።

ጋሽ ተፈራ «ምስኪን፣ ማን ሞቶባቸው ይሆን?» አለ።

አስካለ ከፊት ናት። ካረን የቤቱን መግለጫ ወረቀት ልትሰጣት እጇን ስትዘረጋ አስካለ ጥምጥም አለችባት። እያለቀሰች። ካረንም ግራ ቢገባት መልሳ አቀፈቻት። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ «ወይኔ ጋሽ ተፈራዬ፣ ሳልጠይቅህ፣ አንተ ደጉ፣ አንተ ሳቂታው» እያለች።

ጋሽ ተፈራ ሰማት፣ ሰማት፣ እና ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ዘነቡ፣ የሞትኩት እኔ ነኝ መሰለኝ።»

ማህሌት መሪው ላይ ተደፍታ ትስቃለች። እኔ ግን ፊቴ ነደደ፣ «ንጂው፣ እንሂድ» አልኳት። እሱ በሩን ከፈተ። «የት ነው የምትሄደው?» ስለው «ሰው ለቅሶዬ መጥቶ ልቅር?» አለና በከዘራው መንገዱን ተሻገረ። እኔ ከኋላ ከኋላ።

«አስካለ» አላት በር ላይ ቆሞ፣ «ሳቂታው ያልሺው ልክ ነው። ሌላው ግን ይቆይ።»

አስካለ አየችው፣ ደርቃ ቀረች፣ ከዚያ ደረቱን በጡጫ መታችው። «ታዲያ ስልክ ለምን አታነሱም!» የሚስቀው ይስቃል፣ የሚያለቅሰው ማልቀሱን መተው አቅቶታል። ሜትር የያዙት ሰዎች ሹልክ ብለው ወጡ። ካረን ታየኛለች። ሽያጩ እዚያው የተበላሸ መሰለኝ እና ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የተናገርኩት፣ እግሩን፣ ደረጃውን፣ ሳን ሆዜን፣ ሁሉንም።

አስካለ አፍንጫዋን እየጠረገች «እና ሽጪዋ» አለችኝ። «ማን ሊከለክልሽ ነው? ሶፋውን እኛ እናወጣልሽ ነበር፣ በነጻ።»

በዚህ መሀል ሂሩት የምትባል፣ በዲቪ የመጣች፣ ሽማግሌዎች መጦሪያ የምትሠራ ልጅ፣ ውሃውን ይዛ ኩሽና ገብታ ነበር፣ ብርጭቆ ፍለጋ። ቁም ሳጥኑን ብትከፍት ባዶ። መጣችና ጆሮዬ ላይ «እማማ፣ የኩሽናው መስኮት ጠዋት ፀሐይ ያገኛል?» አለችኝ።

«ያገኛል። ምነው?»

«እኛም እኮ ቤት እየፈለግን ነው። ኮንኮርድ ነው የተከራየነው። እሁድ እሁድ ኦፕን ሀውስ ስንዞር ነው የምንውለው፣ ዛሬ ግን ለቅሶ አለ ሲሉን ተውነው።»

ስሚ ሰኒ፣ ለቅሶ አለ ብላ ነው የተወችው። ባሏ ወንበሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል። ወንዶቹ ልጆቿ ደረጃውን በሩጫ ይወጣሉ፣ በሩጫ ይወርዳሉ። እኔ የጠላሁትን ደረጃ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተዉ እላቸዋለሁ፣ ያን ቀን አልተቆጣኋቸውም።

ካረን ሁሉም በደንቡ ይሁን አለች፣ በደንቡ ሆነ። ይህን ያህል እንከፍላለን ብለው ኦፈር አስገቡ፣ ሌላም ሰው አስገባ፣ የነሱ ተሻለ። ቤቱን ከኔ ሰው ደብቄ ገዢው ከኔው ሰው መሀል ነበረ። በሩ ባይከፈት ሂሩት ከቤቱ ጋር አትገናኝም ነበር፣ በሩ ተከፍቶም እኔ አፌን ባልከፍት አትገናኝም ነበር። ጋሽ ተፈራ ይኸው፣ ጠዋት ከአልጋው ተነስቶ በእግሩ በረንዳ ይወጣል። እጄን አልዘረጋለትም።

እማማ ዘነቡ ወሬያቸውን እዚህ ላይ ሲጨርሱ እኔ ሰኒ ሕፃኗን እንዳቀፍኩ «እማማ ዘነቡ፣ ታዲያ እሁድ ሰው ይግባ ነው የሚሉኝ?» አልኳቸው።

«ይግባ እንጂ። የልጅሽን አልጋ አንሺው፣ እሷን ይዘሽ እኔ ዘንድ ዋይ። የሚያስፈራሽን ነገር አውጥተሽ በሩን ክፈቺው።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ለኤጀንቴ ደወልኩና እሁድ ይሁን አልኩት። ስልኩን ሳስቀምጥ ቀለል አለኝ። «ለእድሩም ልንገራቸው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ጋሽ ተፈራ ከበረንዳው ሆነው ይሰሙን ኖሯል። «ንገሪያቸው» አሉኝ፣ «ግን መጀመሪያ ሁላችንም ደህና ነን በያቸው።»