ካፊር ያላላትም

«እማዬ፣ ሳታውቅ ያጠፋች ሴት ከእስልምና ትወጣለች?»

ልጄ ሰሊም አንድ ቀን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። የጠየቀው ስለ እኔ ነበር። ሕፃን ሳለ በጠና ታሞብኝ፣ ወሊይ የሚባሉ የአንድ ቅዱስ ሰው መቃብር ሄጄ ፍየል ተስዬ ነበር። ይህን ለጓደኞቹ ሲያጫውታቸው፣ ከአላህ ሌላ መለመን ነው አሉት። ኦዳ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተው፣ ከመስጊዱ ሰው ተለይተው ለብቻቸው የሚሰግዱ፣ ስለ ውጊያ የሚያወሩ ልጆች ናቸው። በእኔ ጉዳይ ለሁለት ተከፈሉ። ቱሪ «ካላወቀች ይቅር ትባላለች» አለ። አለቃቸው ሻሪፍ ግን «ካፊር ናት፣ ከእምነት ወጥታለች፤ ካፊር ያላላትም ካፊር ነው» ብሎ ፈረደ። ሰሊም እኔ የሠራሁትን መብላት አቆመ።

በማግስቱ ከጎልማሶች ትምህርት ስመለስ ከብት ገበያው በር ላይ ሼኽ አብዱብን አገኘኋቸው። ሰሊምን ቁርአን እያስነበቡ ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ብነግራቸው ሳቁ።

«አልሐምዱሊላህ በይ፣ የሰሊም እናት! እርስ በርሳቸው ካፊር ከተባባሉ ምን ቀራቸው? ተያቸው፣ ራሳቸው ይበተናሉ።»

«መበተኑንስ ይበተናሉ፣ ሼኽ። ግን ወዴት? ቱሪ ለዘብተኛ እንዳይባል ብሎ፣ ጫካ እንግባ እያለ አሁን ከሻሪፍ በላይ ይጮኻል። ማን ይበልጥ ጥብቅ ነው እየተባባሉ የሚያልቁት ልጆቻችን ናቸው።»

«ታዲያ በዚህ ሽበቴ ከጎረምሳ ጋር ልከራከር? በእኛ ጊዜ ደረሳ፣ ተማሪ የሆነ፣ ሼኹን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።»

«ሰሊም ጠይቆዎት ነበር እኮ። ‹ዝም ብለህ ቁርአንህን ቅራ› አሉት። ሻሪፍ ግን ቶሎ መለሰለት። ክፉ መልስ ቢሆንም ልጁ መልስ አገኘ።»

«ትምህርት ቤት ከገባሽ ወዲህ ምላስሽ ረዘመ!»

«ይርዘም፣ ሼኽ። ልጄ ዛሬ በሻሪፍና በቱሪ መሃል ቆሞ ያመነታል። አሁን ካልያዝነው አንዳቸው ይወስዱታል።»

«ወደ ቤትሽ እንሂድ» አሉ። ከዚያ የሞተር ታክሲ፣ ቦዳቦዳ ጠሩ።

ሰሊም ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያቸው ተነሣ። ሼኹ ሳይቆጡ ጠየቁት።

«እናትህን ካፊር ያላላት ካፊር ከሆነ፣ ቱሪ ካፊር ነው?»

«ሻሪፍ እንደዚያ ይላል።»

«ቱሪን ካፊር ያላልከው አንተስ?»

«እኔም ካፊር ልሆን ነው» አለ ሰሊም።

«አንተን ካፊር ያላለህ ሻሪፍስ?»

«እንዲህማ ከሆነ፣ ሼኽ፣ ማን ይተርፋል?»

«እኮ! ዑለማዎች፣ የሃይማኖት ሊቃውንቱ፣ በዚህ ብዙ ተከራክረዋል፤ ተከራክረውም አብረው ሰግደዋል። ያላወቀን ሰው ያስተምሩታል እንጂ አያባርሩትም። እኔም ስትጠይቀኝ ‹ዝም ብለህ ቅራ› ብዬ አንተን ማባረር አልነበረብኝም። ከነገ ጀምሮ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይምጣ።»

«ሻሪፍ የሚለውንም ልጠይቅ?»

«እሱን አስቀድም።»

ያን ማታ ሰሊም ከእኔ ጋር በላ።

አሁን መስጊዱ ውስጥ በየማታው ክርክር አለ። እኛ እናቶች ከመጋረጃው ጀርባ እንሰማለን፤ ያልገባንንም እንጠይቃለን። አንድ ሰው መጥቶ «እገሌ ካፊር ነው» ቢል፣ ልጆቹ ማስረጃ ያስቆጥሩታል። ቤት ውስጥም ልጆቻችን የሚያስቡትን ይነግሩናል፤ መልሱን ባናውቅ እንኳ ወዴት ይዘናቸው እንደምንሄድ እናውቃለን።

የኦዳው ቤት ልጆቹ እርስ በርስ ተጣልተው በዚያው ወር ተዘጋ። ሻሪፍ ከሰፈሩ ሄደ። ቱሪም ሄደ፣ ከሻሪፍ ተለይቶ፣ ለብቻው፣ በሌላ መንገድ። ሰሊም ከእኛ ጋር ቀረ።