ማህተም የሚያከብረው ኮምፒውተር

ይኸውላችሁ፣ ደባርቅ በአንድ የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ሊቁ እኔ ነበርኩ። ዊንዶውስ ብቻውን ስላነሰኝ፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ሲግዊን የሚባል ፕሮግራም ጫንኩበት። አንድ ጠዋት የባለበቅሎዎቹ የተራ መዝገብ ያለበት ፋይል "ፈቃድ የለህም" ብሎኝ አረፈው። ደጅ ላይ ባለበቅሎዎቹ በስሜን ተራሮች ወዳለው ጨነቅ ካምፕ የሚሄደው ተረኛ ማን እንደሆነ ለመስማት ይጠብቃሉ። ፈቃድ የሚቀይረውን ትእዛዝ አሥሬ ጻፍኩ፤ እሺ ይላል፣ ግን ወይ ፍንክች!

"ምን ሆነ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ፋይሉ በቀድሞው ጸሐፊ ስም ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ አይከፈትም" አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

ሊቀመንበሩ ወዲያው መካነ ብርሃን ወደተዛወረው ጸሐፊ ሰው ላኩ። መልእክተኛው ገና ከተማውን ሳይለቅ፣ ሲግዊንን ትቼ በዊንዶውሱ በኩል የፋይሉን ባለቤትነት ወደ ራሴ ባዞረው ተከፈተ። ግን ሊቅ "ተሳስቻለሁ" ይላል እንዴ? ተራውን በወረቀት ገልብጬ "በቃሌ ይዤው የጻፍኩት ነው" እያልኩ ሦስት ቀን ተረኞቹን ጠራሁ።

በአራተኛው ቀን ጸሐፊው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰና ባለማህተም የፈቃድ ደብዳቤ አወጣ። ሊቀመንበሩ ተቀብለው ስክሪኑ ፊት ዘረጉት። እኔም ለወጉ ትንሽ ጠብቄ ፋይሉን ከፈትኩ።

"አየህ፣" አሉኝ ሊቀመንበሩ፣ "ካንተ ይልቅ ኮምፒውተሩ ሥርዓት ያውቃል!"